«በየቀኑ እየቦረሽኩ ለምን ይቦረቦራል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥርስና ድድ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ጥርስና ድድ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። ፊቱ ያበጠ ወይም ትኩሳት የያዘው አንባቢ ካለ ከሪያድ ለተላከው ጥያቄ የሰጠነውን መልስ አስቀድሞ ያንብብ፤ ሌላው ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ጠዋት ጥርሴን ሳልቦርሽ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ከረሜላና ቸኮሌትም አልወድም። ሆኖም በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት መንጋጋ አስሞልቻለሁ፤ አሁን ደግሞ አራተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይጠዘጥዘኛል። ምን እያጠፋሁ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ስለ ጠዋቱ ነግረውናል፤ ስለ ማታውና ስለሚጠጡት ነገር ግን አልጻፉልንም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው እዚያ ነው።

በጥርስ ላይ ሁልጊዜ የሚለጠፍ ስስ ነጭ ንብርብር አለ። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአፉ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ልባስ፣ ኢናሜሉ፣ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን አዳክሞ ማዕድኑን ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ብዙ ስኳር ከሚበላ ሰው ይልቅ ጥቂት ጥቂቱን ቀኑን ሙሉ የሚቀማምስ ሰው ጥርሱን የበለጠ ይጎዳል።

የቡናውን ሥርዓት ያስቡት። አቦሉ ላይ ሁለት ማንኪያ፣ ቶናው ላይ ሁለት፣ በረካው ላይ እንደገና፤ በመካከል ስኳር የተነሰነሰበት ፈንድሻ። ጨዋታው ደርቶ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ ጥርስዎ ያን ሁሉ ጊዜና ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት አሲድ ውስጥ ይቆያል። የጠዋቱን ሻይ፣ የአሥር ሰዓቱን ማኪያቶና ከራት በኋላ የሚጠጣውን ሻይ ሲጨምሩበት፣ ከረሜላ ሳይነኩ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ስኳር ወስደዋል። ቡናውን ይተዉ አንልም። ስኳሩን አቦሉ ላይ ብቻ ያድርጉትና የቀሩትን መራራ ይጠጡ። የሚጠጡትን ሻይም ከምግብ ጋር ያያይዙት። በነገራችን ላይ ቡናን በጨው የሚጠጡ ወገኖቻችን ለጥርሳቸው ደህና መርጠዋል፤ የደም ግፊቱ ጉዳይ በሌላ ዓምድ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር ማታ ነው። ስንተኛ ምራቅ እጅግ ስለሚቀንስ ከራት የቀረ ስኳርና ዱቄት እስኪነጋ ያለ ተከላካይ ይቆያል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ ቢባል የማታውን ይምረጡ። ከቦረሹ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይቅመሱ።

አቦራረሹም የራሱ ወግ አለው። ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ፤ «ጠንካራ» የሚል የተጻፈበትን አይግዙ፣ የጥርስን አንገት ይሸረሽራል። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለው መሆኑን ከቱቦው ጀርባ ያረጋግጡ፤ ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ብሩሹን ወደ ድድ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው፣ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ጥርስ እየያዙ፣ በትንንሹ እያዞሩ ይቦርሹ። በውጭ በኩል፣ በውስጥ በኩል፣ ከዚያ በማኘኪያው ገጽ ይሂዱ። ብዙ ሰው የሚዘላቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ የታች የፊት ጥርሶች የምላስ በኩል፣ የመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ፣ እና ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ከሆነ የቀኝ ክራንቻ አካባቢ። በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓት ይዘው አንድ ጊዜ ይሞክሩት፣ ከሚገምቱት በላይ ረጅም ነው።

ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉ፤ በውሃ ግን አይጉመጥመጡ። ከሁሉም ልማዶቻችን ለመተው የሚከብደው ይህ ነው። በውሃ ሲታጠቡ ጥርስ ላይ ቀርቶ ሊሠራ የሚገባውን ፍሎራይድ አብረው ይደፉታል። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ደግሞ ብሩሽ አይደርስበትም፤ የጥርስ ክር ያስፈልጋል። ስቴኪኒ የተሰነቀረ ሥጋ ያወጣል እንጂ ንብርብሩን አይጠርግም፤ ተደጋግሞ ሲገባም ድዱን ወደ ታች ይገፋዋል።

አሁን የሚጠዘጥዝዎትን አራተኛውን ጥርስ በተመለከተ፣ ሕመሙ ቀዝቃዛው እንደተወገደ በጥቂት ሴኮንድ የሚጠፋ ከሆነ ተጠርጎ በመሞላት ሊድን ይችላል። ከተወገደ በኋላ ደቂቃዎች የሚቆይ፣ ሙቅ ነገር የሚያስነሳው ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ነርቩ ተነክቷል። እዚያ ሳይደርስ በዚሁ ሳምንት ይታዩ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ከወይራ መፋቂያ ሌላ አያውቁም፤ ጥርሳቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ታዲያ ብሩሹ ለምን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እናትዎ ያደጉት ስኳር በየቀኑ በማይገኝበት ዘመን ነው፤ ግማሹ ምስጢር እሱ ነው። መፋቂያውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ልማዱ ባለበት አካባቢ መፋቂያን ያበረታታል። ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ የተለመዱ ናቸው። እንደ ቅንጭብ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ግን አፍዎ አይድረስ፤ ያቃጥላል።

የእርሳስ ውፍረት ያለውን እንጨት ጫፉን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልጠው፣ ክሩ እስኪበተን ያኝኩት። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይጥረጉ፤ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ። ወደ ጎን እንደ መጋዝ አይሂዱ። የተጠቀሙበትን ጫፍ በማግሥቱ ቆርጠው ይጣሉ። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ፍሎራይድ የለውም፣ የጥርሱን የውስጥ በኩል በደንብ አይደርስበትም። ቀን መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽና ሳሙና ቢሆን እናትዎም እርስዎም አትጣሉም።

ጥያቄ፦ ስቦርሽ ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ካቆምኩ አንድ ወር ሆነኝ። ጓደኛዬ ጥርሴን እንዳሳጥብ መከረችኝ፤ ግን ማሳጠብ ጥርስ ያላላል ሲባል ሰምቻለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ድድዎ የደማው ቀድሞ ስለተቆጣ ነው። በድዱ ጠርዝ የተጠራቀመውን ንብርብር ሰውነት ሊዋጋው ደም ወደዚያ ይልካል፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። መቦረሽ ሲያቆሙ ንብርብሩ ስለሚበዛ መድማቱም ይብሳል። ዛሬ ማታ ይጀምሩ፤ የሚደማውን ቦታ ሳይዘሉ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫኑ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደም ያያሉ። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ካልሄደ ንብርብሩ ወደ ድንጋይነት ተቀይሯል ማለት ነው፤ ይህን ምንም ብሩሽ አያነሳውም፣ በሐኪም መሣሪያ ይወገዳል።

«ያላላል» የሚባለው ከየት እንደመጣ እንንገርዎ። ድንጋዩ ለዓመታት ሲቆይ ከሥሩ ያለው ኢንፌክሽን ጥርሱን የያዘውን አጥንት እየበላ ይሄዳል። አጥንቱ ሳስቶም ጥርሱ የማይነቃነቀው ድንጋዩ ከጎረቤቱ ጋር እንደ ሲሚንቶ ስላያያዘው ነው። ድንጋዩ ሲነሳ የተደበቀው መላላት ይታያል። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽም ክፍተት ይገለጣል፤ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል። ሐኪሙ ያላላው ጥርስ የለም፤ ባያሳጥቡት ኖሮ በራሱ ይወድቅ ነበር። ማሳጠብ ማንጣት እንዳልሆነም ይወቁ። በየስድስት ወሩ ወይም በዓመት አንዴ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ለአንዳንዶች የድድ በሽታ ምልክቱ ይደበቃል። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ላይ መቅላቱ አይታይም፤ በእነሱ ዘንድ መድማትን፣ እብጠትንና የአፍ ጠረንን መከታተል ይሻላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ድዱ ቢታመምም ብዙ ስለማይደማ ደህና ነኝ ብሎ ይታለላል። ጫት የሚቅሙ ደንበኞቻችን በአንድ ጉንጭ ይዘው ስለሚውሉ በዚያ በኩል ድዱ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፤ ከጫቱ ጋር የሚወሰደው ስኳርና ለስላሳ፣ ከአፍ መድረቅ ጋር ተደምሮ፣ የተገለጠውን ሥር ይቦረቡረዋል። መቃም የማይተው ሰው ቢያንስ ለስላሳውን በውሃ ይተካ።

ድድዎ መድማቱ ከውሃ ጥምና ከሽንት መብዛት ጋር ከመጣ የደም ስኳርዎን ይለኩ። የስኳር ሕመም ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡሮችም ድዳቸው በቀላሉ ይደማል፤ ጥርስ ማሳጠብ አይከለከሉም፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ የተሻለ ምቹ ነው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መቂ አካባቢ ነው። የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ስለሆኑ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። በአመድም በሎሚም አሽቼው አልለቀቀም። (ከመቂ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሎሚውን አቁም። ሎሚ ራሱ ብርቱ አሲድ ነው፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ልባስ በአመድ ስታሸው የምታነሳው ቀለሙን ሳይሆን ጥርሱን ነው። ቀለሙ ከላይ የተቀባ ቆሻሻ አይደለም፣ አንተም ንጽሕናህን አላጓደልክም። ጥርስህ ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ የገባበት ነው።

ከመተሐራና ከወንጂ እስከ ዝዋይና ሐዋሳ ባለው ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ እየሟሟበት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ተለክቷል። ጥቂቱ ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ልባሱ በደንብ እንዳይጠጥር ያደርጋል። መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፣ ሲበዛ ይበልዛል፣ ሲብስ ይሸረፋል። ጥርስ ከበቀለ በኋላ ግን ውሃው ቀለሙን አይለውጥም፤ አሁን የምትጠጣው ውሃ ይህን ጥርስ አያባብሰውም። ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ግን በብዙ ዓመት ስለሚጎዳ ውሃውን መቀየሩ ለአንተም ይጠቅማል።

የሚደረገውን ሕክምና እንደ ጉዳቱ ልክ ሐኪሙ ይመርጣል። ቀለሙ ቀላል ከሆነ የላዩን ስስ ንጣፍ በልዩ ዱቄትና አሲድ መፋቅ ወይም በማንጫ ጄል ማከም ይበቃል። ከበድ ያለውን ጥርስ በሚመስል ነጭ መሙያ ከፊት በኩል መሸፈን ይቻላል፤ ይህ በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ የሚያልቅ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ግን መታደስ ይፈልጋል። ጤነኛ ጥርስ ሞርደው ዘውድ (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ) እንዲያለብሱህ በ16 ዓመትህ አትስማማ።

ትንንሽ ወንድምና እህት ካሉህ ዋናው ጥንቃቄ ለእነሱ ነው። የላይኛው የፊት ጥርስ የሚሠራው ከልደት እስከ አራት ዓመት አካባቢ፣ የቀሩት እስከ ስምንት ዓመት ነው። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ የሚጠጣበትም የሚበሰልበትም ውሃ ከዝናብ ወይም ፍሎራይዱ ተለክቶ ከታወቀ ቦኖ ይሁን፤ መጠኑን ለወረዳችሁ የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበዛበታል። ውሃ አጋርም ሆነ የተለመደው የሸክላ ማጣሪያ ጀርም እንጂ ፍሎራይድ አያነሳም። ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ያነሳል፤ ከሰሉ ሲጠግብ ግን መቀየር አለበት፣ አለዚያ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የእናት ጡት እናትየው ያን ውሃ ብትጠጣም ፍሎራይዱ በጣም ትንሽ ነው፤ በዚያ ውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ወተት ግን ለሕፃን አይሆንም።

ጥያቄ፦ የልጄ የኋላ ጥርስ ጠቁሯል። ስድስት ዓመቱ ነው። የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወድቃል ብዬ ተውኩት። ትክክል ነኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጥርሱን ሳናይ ይህን አንልም፤ ምናልባት የወተት ጥርስ ላይሆን ይችላል። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት መንጋጋዎች ሁሉ በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። የሚወድቅለት ስለሌለ ወላጅ ሳያውቀው ይገባል። ይህ ቋሚ ነው፤ ከተነቀለ ምትክ የለውም። ከመሃል ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ አምስተኛው የመጨረሻው የወተት ጥርስ ነው፣ ስድስተኛው ቋሚ ነው። ስድስተኛው ከሆነ በዚሁ ሳምንት ያሳዩት። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ጥልቅ ስንጥቆቹን ሐኪሙ በስስ መሙያ እንዲያሽግለት ይጠይቁ፤ መቆፈርም መርፌም የለውም።

አምስተኛው ቢሆንም መተው የለበትም። የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ቀድመው ሲነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ወደ ክፍተቱ ያዘነብሉና ቋሚው ቦታ አጥቶ ተጣሞ ይወጣል።

ለታናናሾቹ፦ የመጀመሪያው ጥርስ እንደ ወጣ መቦረሽ ይጀመራል። እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ይበቃል። እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ልጁ ብቻውን በደንብ አይቦርሽም፤ እርስዎ ይጨርሱለት። ሕፃን ጡጦ አፉ ውስጥ ትቶ እንዲተኛ አያድርጉ፤ በውስጡ ወተት፣ አጥሚት ወይም ስኳር ያለው ሻይ ካለ የላይኛው የፊት ጥርሶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊረግፉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ልጄ ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል። አማቴ ድዱን ዳስሰው «ግግ ነው፣ የወተት ጥርሱ መውጣት አለበት» አሉ። የሚያወጡ ሴትዮም አሉ። ባለቤቴ ዝም አለ። (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ አያስወጡ። አማትዎ የዳሰሱት እብጠት የክራንቻው የወተት ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ሲያድግ የሚታይ ጤነኛ ጉብታ ነው፤ ሁሉም ሕፃን አለው። በዚህ ዕድሜ ሕፃን መዳህና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ መክተት ይጀምራል፤ ተቅማጡና ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጊዜው ስለተገጣጠመ ጥርሱ ተወነጀለ።

ድዱ በሹል ብረት ሲሰነጠቅ ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉም ሊመርዝ ይችላል፤ ብረቱ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሻገር ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከወተት ጥርሱ ሥር የቋሚው ጥርስ ዘርም ስላለ አብሮ ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ተጣሞ ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ይቀራል። በእስራኤል ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ይህን ጉዳት በቤተ እስራኤል ልጆች ላይ አይተው በሕክምና መጽሔቶች ጽፈውበታል።

ልጁን ዛሬውኑ ወደ ቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒካችሁ) ይውሰዱት። እስከዚያው ጡት ደጋግመው ያጥቡት፤ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላም የተበጠበጠ ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ያለ እንባ ካለቀሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከደከመ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። አማትዎን ለማሳመን ከክርክር ይልቅ ወደ ሐኪሙ ይዘዋቸው ቢሄዱ ይሻላል፤ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ የተናገሩት ነውና ከሐኪም አፍ ሲሰሙት አይከብዳቸውም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ነኝ። የታችኛው መንጋጋዬ ለሁለት ሳምንት ሲያመኝ ቆይቶ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ወሰድኩ፤ ተሻለኝ። አሁን ተመልሶ ጉንጬ አብጧል። ሌላ ዓይነት አንቲባዮቲክ ልውሰድ? (ከሪያድ)

መልስ፦ እህታችን፣ መድኃኒቱን መቀያየር አያድንሽም። ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሞቶ በስብሷል፤ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒትም አይደርሰውም። አንቲባዮቲኩ ወደ ዙሪያው የወጣውን መግል ለጊዜው ያበርደዋል፤ ምንጩ ግን እዚያው ስላለ ይመለሳል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ የጥርሱን ሥር ከፍቶ ማጽዳትና መሙላት፣ ሩት ካናል የሚባለው፣ ወይም መንቀል። ሩት ካናል ውድና ብዙ ቀጠሮ የሚፈልግ ነው፤ አንቺ ባለሽበት ሁኔታ ፈቃድ ማግኘቱ ከከበደሽ መንቀሉ በአንድ ቀን ያልቃል። ጥርስ ማጣቱ ያሳዝናል፤ እብጠቱን ተሸክሞ መክረም ግን ይብሳል።

ሕክምና እስክታገኚ፣ ለአዋቂ ፓራሲታሞል 1000 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ከ4000 ሚሊ ግራም አይለፍ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ከሌለብሽ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በየስምንት ሰዓቱ ጨምሪበት፤ ሁለቱ አብረው ከአንዱ ይልቅ የጥርስ ሕመምን በደንብ ያስታግሳሉ። ትራስ ጨምረሽ ጭንቅላትሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። ጉንጭሽን በሙቅ ጨርቅ አትተኩሺ። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የተፈጨ አስፕሪን ጥርሱ ላይ አታድርጊ፤ ድድ አቃጥሎ ሌላ ቁስል ይጨምራል። የቅርንፉድ ዘይት በጥጥ ነክተሽ የተቦረቦረው ውስጥ ብታደርጊ ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂ።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየሽ ግን ማስታገሻ አትጠብቂ፦ እብጠቱ ከአገጭሽ ሥር ወደ አንገት ከወረደ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ዓይንሽን መክደን ከጀመረ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተሽ፣ ምላስሽ ከፍ ካለ፣ ድምፅሽ ከተለወጠ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ። ይህ መተንፈሻን ዘግቶ ሊገድል የሚችል ነው። ለአሠሪዎችሽ «ጥርሴን አመመኝ» አትበያቸው፣ ችላ ይሉታል፤ «ለመዋጥና ለመተንፈስ እየከበደኝ ነው» በያቸው። በሳዑዲ የአምቡላንስ ስልክ 997 ነው።

ጥያቄ፦ ነገ መንጋጋ አስነቅላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ልጠንቀቅ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመነቀሉ በፊት ይብሉ፤ በባዶ ሆድ ማደንዘዣ መወጋት ያዞራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ ይንገሩ። መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ፊትዎ ሲከፈትና መርፌው አዲስ ሲሆን ማየት መብትዎ ነው፤ ቢጠይቁ አይፈሩ።

ሐኪሙ ጉድጓዱ ላይ የሚያደርግልዎትን ጎዝ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠበቅ አድርገው ነክሰው ይያዙ፤ በየአምስት ደቂቃው እያወጡ ማየት መድማቱን ያስቀጥላል። በጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ መድኃኒት ነው፤ ጥንቃቄው ሁሉ እሱን ላለማጣት ነው። ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ፣ በስትሮው አይምጠጡ፣ ትኩስ ቡናና አረቄ አይጠጡ። ሲጋራ ለሦስት ቀን ይቅርብዎ። በማግሥቱ ጀምረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው፣ ከምግብ በኋላ ቀስ ብለው አፍዎ ውስጥ ያንሸራሽሩ።

ሕመም በሁለተኛው ቀን መቀነስ ሲገባው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ወደ ጆሮ የሚወጣ ብርቱ ሕመም ከመጣ፣ መጥፎ ሽታም ካለው፣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተገልጧል። ወደ ነቀለው ሐኪም ይመለሱ፤ አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግበት በሰዓታት ውስጥ ይቀልልዎታል።

አጫጭር መልሶች

*በጾም ወቅት አፌ ይሸታል።* (ከጎንደር) ምራቅ ስለሚቀንስ ነው። ማታ ከምግብ በኋላ ጥርስዎንና ምላስዎን በደንብ ያጽዱ፤ ምላስን ከሥር ወደ ጫፍ አራት አምስት ጊዜ መጥረግ ብዙ ጊዜ ከሳሙናው የበለጠ ይሠራል። ከቁርባን በፊት ስለ መጉመጥመጥ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ከጾሙ ውጪም የሚሸት ከሆነ የተቦረቦረ ጥርስና ድድ ይታይ።

*ቆሎ ስቆረጥም ጥርሴ ተሰነጠቀ መሰለኝ፤ አያምም፣ ስነክስ ብቻ ጠቅ ያደርገኛል።* (ከደብረ ብርሃን) ነክሰው ሲለቁ ጠቅ ማድረጉ የስንጥቅ ምልክት ነው። በዚያ በኩል አያኝኩ፤ ቶሎ ካልተሸፈነ እስከ ሥሩ ይተረተራል። ሩት ካናል የተሠራለት ዘውድ ያልለበሰ መንጋጋ ያላችሁም ቆሎና አጥንት ተጠንቀቁ።

*የ10 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ፤ ጣልኩት። ምን ማድረግ ነበረብኝ?* (ከአትላንታ) ለወደፊቱ ይጠቅማል። ጥርሱን ከሥሩ በኩል ሳይነኩ በነጩ ጫፍ ይያዙት። ቆሽሾ ከሆነ በወተት ወይም በውሃ አሥር ሴኮንድ ያህል ያለቅልቁት፤ አይፈትጉት፣ በሳሙና አይጠቡት። ወዲያው ወደ ጉድጓዱ መልሰው፣ ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይዞት ወደ ሐኪም ይሂዱ። መመለሱ ካስፈራዎ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ይክተቱት፤ ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ በደረቅ ጨርቅም አይጠቅልሉት። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ የመያዝ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ደርቆ አንድ ሰዓት ካለፈው እጅግ ይቀንሳል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሰው አይትከሉት፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።